ከእጥፉ በፊት ስንዝሩ

የዛሬው ዝግጅት በተለይ ለእጅ ሥራ ሰዎች የተሰናዳ ነው፤ በሞጣ፣ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በዙሪያው ብርና ነሐስ ይዛችሁ መስቀል ለምትቀርጹ፣ ቀለበት ላይ ስም ለምትጽፉ፣ ማኅተም ለምታወጡ። ጉዳያችን አጉሊ መነጽር ነው። አጉሊ መነጽር ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ያቀርብለታል፤ 10፣ 20፣ አንዳንዴም 30። ጥያቄው ግን ከመነሻው የቀራጭ ጥያቄ አይደለም። ቀራጭ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «በዚህ መነጽር ሳይ ዕቃው ከዓይኔ ምን ያህል ርቆ ነው ጥርት የሚለው?» ብሎ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ለመቅረጽ የሚበጀው አጉሊ፣ መስመሩን በደንብ ከሚያሳዩት ሁሉ ደካማው ነው። ይህ ለብዙዎቻችሁ የተገላቢጦሽ ሊመስል ስለሚችል ምክንያቱን ረጋ ብለን እንመልከት።

ከሥራው መጠን እንነሳ። በአገራችን የብር ሥራ ለረጅም ዘመን ብሩን ያገኘው ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች ወዲህ ጠገራው በየትኛውም ዓመት ቢመታ ያንኑ 1780 ይዞ ይወጣል፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ስፋቱ ለ4 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚጎድለው ነው፤ ከመቶው 83 እጁ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ገበያተኛውም በዘመኑ ጠገራውን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ የንግሥቲቱን የዘውድ ዕንቁዎችና የትከሻዋን ጌጥ እያየ፣ ነጠብጣቡ የተፋቀውን ይመልሰው ነበር። አንጥረኛው ይህንኑ አቅልጦ ወይም ቀጥቅጦ የአንገት መስቀል ሲያወጣበት፣ ለቀራጩ የሚተርፈው ሜዳ ከጣት ስፋት ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ሐረግ ይስላል፤ ባለቤቱ ከፈለገም ስሙን ወይም አጭር ጸሎት ይጽፍበታል።

ፊደላችን ደግሞ ቀራጭን የሚፈትን ፊደል ነው። ሉ እና ሊ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ቦታ ብቻ ነው፤ የሉ ቅጥያ ከቀኝ እግሯ መካከል ትወጣለች፣ የሊ ደግሞ ከእግሯ ጫፍ። ሌ ጫፏ ላይ ቀለበት ትይዛለች። ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ፊደል ላይ ይህ ሁሉ ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቦታ ውስጥ ያልቃል። መቅረጫው እዚያ ላይ ትንሽ ቢንሸራተት የባለቤቱ ስም ሌላ ስም ይሆናል፤ ከብር ላይ የወጣ መስመር ደግሞ እንደ እርሳስ በላጲስ አይጠፋም። ማኅተም የሚቀርጽ ሰው በዚህ ላይ ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ መጻፍ አለበት። ስለዚህ አጉሊ ለዚህ ሙያ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ሥራውን ቀርቦ አላየውም።

ግን ምን ያህል ማጉላት ያስፈልጋል? ጤናማ ዓይን በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለይቶ ሊያየው የሚችለው ትንሹ ነገር 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ቀጭን የሚባል የቅርጽ መስመር 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መስመሩን በባዶ ዓይን እናየዋለን፤ የሚያስቸግረን የመቅረጫው ጫፍ በመስመሩ ውስጥ የት ላይ እንደቆመ መለየቱ ነው። ሁለት እጥፍ ከሩብ ያህል ሲጎላ ዓይን 0.03 ሚሊ ሜትር ድረስ ይለያል። ይህም የዚያን ቀጭን መስመር ስፋት ስድስት ሰባት ቦታ ከፋፍሎ ማየት ነው። በመዶሻ ወይም በመዳፍ ግፊት ለሚሠራ እጅ ይህ ከበቂም በላይ ነው።

«አባቶቻችን ይህን ሁሉ በባዶ ዓይን ሠርተውት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሠርተውታል። በጎንደር ዘመን የተሠሩት የመጾር መስቀሎች የቅዱሳን ምስል በቀጭን መስመር ተቀርጾባቸው ዛሬም በየገዳማቱ አሉ፤ በውጭ አገር ሙዚየሞችም ይታያሉ። ነገር ግን ይህ ክርክር የዓይንን ዕድሜ ይረሳል። የ20 ዓመት ወጣት ዕቃውን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢያስጠጋው አጥርቶ ያየዋል፤ ማስጠጋት ደግሞ ራሱ ማጉላት ነው። 40 ዓመት ሲሞላው ያ ርቀት ወደ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሸሻል፤ በ50 ዓመቱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። እጅ በሚበስልበት ዕድሜ ዓይን ይሸሻል ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ሩቅ አጥርተው የማያዩ፣ ቅርብ ግን የሚያዩ ሰዎች ሞልተዋል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ያለ ምንም መነጽር በ15 ወይም በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥርተው ያያሉ። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ቀራጭ ተፈጥሮ አጉሊ ሰጥታዋለች፤ ሥራ ላይ ሲቀመጥ የርቀት መነጽሩን ማውለቅ ብቻ ይበቃዋል። የጥንቱ ሥራ የሚመሰክረው የሰዎቹን ችሎታ ነው። ዓይኑ የሸሸበት አረጋዊ መምህር ያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ግን መስቀሉ አይነግረንም።

አሁን ወደ ሌንሱ እንግባ። አጉሊ ሌንስ ሁሉ ጉብጥ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ብርሃን ከጀርባው በአንድ ርቀት ላይ ይሰበሰባል። ያን ርቀት የትኩረት ርቀት ይሉታል። የማጉላት አቅሙ የሚገኘው 25 ሴንቲ ሜትርን በዚህ ርቀት በማካፈል ነው። የትኩረት ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌንስ ሁለት ተኩል እጥፍ ያጎላል፤ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው 5 እጥፍ። አሥር እጥፍ የሚያጎላው የትኩረት ርቀቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ዕቃውም ከሌንሱ በዚያው ርቀት ላይ ካልሆነ አይጠራም። እንግዲህ አስቡት፦ በሌንሱና በብሩ መካከል ሁለት ጣት የማትሞላ ክፍተት እያለ መቅረጫው በየት ይገባል? እጅስ? የሚፈናጠረው የብር ቅንጣት የት ይሄዳል? አሥር እጥፉ የአልማዝ ነጋዴዎች መለኪያ የሆነው እነሱ የሚያዩ እንጂ የሚቆርጡ ስላልሆኑ ነው። ለቀራጭም ይጠቅመዋል፤ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የመስመሩን ጠርዝና የመቅረጫውን ስለት ለመመርመር። የመሥሪያ መነጽርና የመመርመሪያ መነጽር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ በአንዱ ሁለቱንም ለመሥራት መሞከር ብዙ ገንዘብ ያባከነ ስሕተት ይመስለኛል።

ርቀቱ የሚወስነው የእጅን ቦታ ብቻ አይደለም። ዕቃው ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ጥራቱ የሚቆይበት ጥልቀትም በርቀቱ ይወሰናል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጥልቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ስንወርድ፣ ማለት ስምንት ጊዜ ስንቀርብ፣ ጥልቀቱ 64 ጊዜ ያንሳል። በመጀመሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የመንቀሳቀሻ ነፃነት ያለው ዓይን በሁለተኛው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይተርፈውም፤ ቀራጩ በተነፈሰ ቁጥር ሥዕሉ ይደበዝዛል። የሚታየው ሜዳም ይጠባል። ሐረግ የሚስል ሰው አንዱን መስመር ከጎኑ ካለው ጋር እኩል አድርጎ መንዳት ስላለበት የመስቀሉን ክንድ በሙሉ ማየት ይፈልጋል፤ ከፊሉን ብቻ እያየ የቀረጸው ሐረግ እያንዳንዱ ቅጠሉ አምሮ አካሄዱ የተጣመመ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሁለት ዓይን ጉዳይ አለ። ቅርጽ ጥልቀት ነው። መቅረጫው ወደ ብሩ ምን ያህል እንደጠለቀ፣ በየትኛው ማዕዘን እንደዘመመ የሚነግረን የሁለቱ ዓይኖች ልዩ ልዩ ምስል አንድ ላይ ሲገናኝ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይን ላይ የሚሰኩት አንድ ዓይና አጉሊ ይህን ያሳጣል። በሁለት ዓይን ለማየት ግን ዓይኖች ወደ ውስጥ መዞር አለባቸው፤ በመካከላቸው ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ስላለ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገርን ለማየት የ35 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይሠራሉ፤ በ20 ሴንቲ ሜትር 18፣ በ35 ሴንቲ ሜትር 10 ዲግሪ ብቻ። አንድ ሙሉ ቀን በ35 ዲግሪ ዓይንን አጥምዞ መቀመጥ የሚያስከትለውን ራስ ምታት የሞከረው ያውቀዋል። ስለዚህ ለመሥሪያ መነጽር የኔ ወለል ስንዝር ነው፤ ከዓይን እስከ ብሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል። አስገዳጅ ሆኖ ከተገኘ ወደ 15 ሊወረድ ይችላል፤ ከዚያ በታች ግን አልመክርም።

ርቀትን በሴንቲ ሜትር እንድትጠይቁ የምገፋፋበት ሌላ ምክንያት፣ በመነጽሩ ላይ የተጻፈው እጥፍ የማይታመን መሆኑ ነው። የሌላቸውን 30 እጥፍ የሚጽፉ ርካሽ ሌንሶች መኖራቸው አንድ ነገር ነው። ሐቀኛ አምራቾችም ግን በሁለት ስሌት ይሠራሉ። አንዱ አሁን የነገርኳችሁ ነው። ሌላው በዚያ ላይ አንድ ይጨምራል፤ ዓይን ጡንቻውን ቢያስጨንቅ ሊያገኘው የሚችለውን ይቆጥርለታል። ስለዚህ የትኩረት ርቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ያው አንድ ሌንስ በአንዱ ፋብሪካ «2 እጥፍ»፣ በሌላው «3 እጥፍ» ተብሎ ይወጣል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ገዢው ግን 3 የሚለውን አንሥቶ የተሻለ የገዛ ይመስለዋል። የትኩረት ርቀትን ግን እናንተው ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ፀሐይ በሌለበት ክፍል ውስጥ ከተከፈተ በር ወይም መስኮት ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ሌንሱን ወደ ውጭው አዙሩና ከጀርባው ነጭ ወረቀት ያዙ። ወረቀቱን ወደፊትና ወደኋላ ስታንቀሳቅሱት የውጭው ዛፍና ቤት ተገልብጦ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን በማስመሪያ ለኩ፤ የትኩረት ርቀቱ ያ ነው። በፀሐይ አትሞክሩት፤ ወረቀት ያቃጥላል፣ ዓይንም ያጠፋል። ከዚያ ካሬ ደብተር ላይ አስቀምጣችሁ እዩበት፤ የካሬው መስመር ዳር ላይ ሲደርስ ከጎበጠ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ካሳየ፣ በዚያ ሌንስ ቀጥ ያለ መስመር መንዳት አይቻልም። ሁለትና ሦስት ብርጭቆ ተጣብቆ የተሠራ ሌንስ ይህ ጉድለት ይቀንስለታል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ገበያ ላይ ከሚገኙት መካከል የቱ ነው እንግዲህ? ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መጀመሪያው አጉሊ ሳይሆን የንባብ መነጽር ነው። ቁጥሩ 3 የሆነ የንባብ መነጽር 33 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ 4 የሆነው 25 ሴንቲ ሜትር ላይ አጥርቶ ያሳያል፤ ርካሽ ነው፣ ለሁለት ዓይን ነው፣ ከሚፈናጠር ቅንጣትም በመጠኑ ይከላከላል። ለሰፋ ያለ ሐረግ ይኸው ይበቃል። ለፊደልና ለምስል ግን ራስ ላይ የሚታሰረውን፣ ከግንባር ወደ ዓይን የሚወርደውን ባለ ሁለት ሌንስ አጉሊ እመርጣለሁ። ከእነዚህ በብዙዎቹ ሌንስ ላይ የሚጻፈው ቁጥር እንደ መነጽር ቁጥር ነው፤ 100ን ለቁጥሩ ስታካፍሉ ርቀቱ በሴንቲ ሜትር ይወጣል። 5 ቁጥር 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስንዝር። 7 ቁጥር 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 10 ቁጥር 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከእሱ ራቁ። የርቀት መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አጉሊው ከላዩ ላይ ይታሰራል። የጥርስ ሐኪሞች የሚያደርጉት፣ በመነጽር ላይ ሁለት ትንንሽ ቱቦ የተተከለበት ዓይነት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ እያጎላ ዕቃውን 35 እና 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያሳያል፤ ቀራጩ አንገቱን ሳያጎነብስ ይሠራል። ጥሩው ግን ውድ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ቱቦዎቹ ከዓይን ብሌን ጋር አይገጥሙም፤ ስለዚህ ሳይሞከር አይገዛ። ፕላስቲክ ሌንስ ይቀላል፣ ቶሎ ግን ይጫጫራል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ምርጥ ቀራጮች ዛሬ በማይክሮስኮፕ 10 እና 20 እጥፍ እያጎሉ ነው የሚሠሩት፤ አንተ ሁለት ሦስት እጥፍ ትላለህ» የሚል። እውነት ነው፣ ይሠራሉ። ግን ማይክሮስኮፑ እንዴት እንደተሠራ ተመልከቱ፦ ሁለት ዓይን አለው፤ ከሌንሱ እስከ ብሩ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከሥሩ ተጨማሪ ሌንስ ሲገጠምለትም ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ክፍተት ይተዋል። ሥራው በሚሽከረከር ከባድ ሞርሳ ላይ ታስሮ ወደ መቅረጫው ይዞራል እንጂ እጅ ወደ ሥራው አይዞርም፤ መቅረጫው ራሱ ብዙውን ጊዜ በአየር ግፊት ይነዳል። ይህ ሁሉ ወጪ የወጣው ርቀትንና ሁለት ዓይንን ሳያጡ ለማጉላት ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ስንዝሩን ያስከበረ ማጉያ ከሆነ እጥፉ ቢጨምር አልቃወምም። አቅሙ ያላቸው ጥቂት ባለሙያዎች በጋራ ቢገዙት ደስ ይለኛል። መብራቱ አስተማማኝ ላልሆነበት፣ ብሩን በእጁ ወይም በትንሽ ሞርሳ ይዞ ለሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያው ግዢ ሊሆን አይገባም። ሌዘር ማሽን ስም የሚጽፍበት ዘመን ስለሆነ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው ለሚሉም አጭር መልስ አለኝ፦ ማሽኑ ፊደል ይጽፋል፣ እኩል ጥልቀት ባለው መስመር፤ እየጠበበና እየሰፋ፣ እየጠለቀና እየሳሳ የሚሄደው የእጅ መስመር ሌላ ነገር ነው፣ ደንበኛውም ይለየዋል።

«መነጽር ዓይን ያበላሻል» የሚለው ፍርሃትም ብዙ ሰው ከአጉሊ አርቋል። ዕቃው በትኩረት ርቀቱ ላይ ሲሆን ብርሃኑ ከሌንሱ የሚወጣው ከሩቅ ተራራ እንደሚመጣው ሆኖ ነው፤ የዓይን ጡንቻ ያርፋል። ያለ መነጽር ዓይኑን አጥብቦ የሚሠራው ነው የሚደክመው። ዓይንን የሚያጠፋው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ትራኮማ ካስከተለው የብሌን ጠባሳ የመጣው ደግሞ ከመቶው 11 ያህል። ስለዚህ 5 ቁጥሩ አልበቃ ብሎ ወደ 7፣ ከዚያ ወደ 10 የሚገፋፋችሁ ከሆነ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ዓይናችሁን አስመርምሩ። ግርዶሽ የጋረደውን ዓይን የትኛውም ሌንስ አያጠራውም፤ በቀዶ ሕክምና ግን ይድናል።

በመጨረሻ ብርሃን። ብዙ ጊዜ «መነጽሩ ደካማ ነው» የሚባለው ብርሃኑ ሲያንስ ወይም ሲያንጸባርቅ ነው። የተወለወለ ብር መስተዋት ነው፤ አምፖሉን መልሶ ወደ ዓይን ይልካል፣ መስመሩም በዚያ ነጸብራቅ ውስጥ ይጠፋል። በአምፖሉ ወይም በመስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጋርዱበት። የአውሮፓ የሙያ መጻሕፍት በሰሜን በኩል ባለ መስኮት ተቀመጡ ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ ስለሆነች ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው። ሞጣ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች። በእነዚያ አራት ወራት፣ ደመናው በተገለጠ ቁጥር፣ የሰሜኑ መስኮት ነው የሚያንጸባርቀው፤ ያን ጊዜ የመሥሪያ ጠረጴዛችሁን ወደ ደቡቡ መስኮት አዙሩት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስምንት ወራት ወደ ሰሜኑ መልሱት። በቀኝ እጃችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፤ የመቅረጫውና የእጃችሁ ጥላ መስመሩ ላይ አይወድቅም። ጨርቁን ገልጣችሁ ብርሃኑን ከጎን፣ ከብሩ ፊት ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ማስተኛት የሚገባችሁ ሥራው አልቆ የመስመሩን ጥልቀት ስትመረምሩ ነው፤ ያን ጊዜ ያቺን አሥር እጥፍ አውጧት።